ጃንጥላ ወራጅ

ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ባጃጆች «ጃንጥላ» የሚሉት መውረጃ አለ። ስሙን ያወጣለት የለም፤ የመጣው ከአንድ ሱቅ የጎን ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጃንጥላ ተዘርግቶ ተሥሏል፤ ከሥሩ ኩራዝ፣ ሸራ ጫማ፣ ሳሙናና የስኳር ጆንያ ተደርድረዋል። የሣለው ሰው፣ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ብሩሽ ያስያዘኝና ፊደል መጣል ያስተማረኝ ጋሼ ነው።

አሁን የምሠራው ባነር ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የሠርግ፣ የምረቃና የሐዘን ባነር እሠራለሁ፤ ደንበኛው ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር «እዚህ ጋ ለምን ምንም የለም? አበባ አስገቢበት» ይለኛል። እሁድ ሲመጣ ነው ነፍሴ የምትመለሰው። ሁለት ሠዓሊዎች፣ አንድ ዲዛይነርና እኔ ሆነን፣ ባለቤቱ የፈቀደልንን ግድግዳ እየፈለግን እንሥላለን። ዲዛይነሩ ያለ ዱንጉዛ መኖር አይችልም። ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የወላይታ ጥለት ባገኘው ነገር ላይ ሁሉ ያለብሰዋል፤ አንድ ጊዜ ለጥርስ ሐኪም ምልክት ሲሠራ ጥርሱን አልብሶት ነበር። እየሰደብነው እንወደዋለን።

ታዲያ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ ያ ጃንጥላ ያለበት ሱቅ ባለቤት አስጠሩን። ሐጂ ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ፣ ሱቁን ከአባታቸው የወረሱ ጨዋ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ለዘመን መለወጫው ይህን ግድግዳ አድሱልኝ» አሉን። «ኩራዝ መሸጥ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ ግድግዳዬ ግን ዛሬም ኩራዝ ይሸጣል።» ያን የመሰለ ሰፊ ግድግዳ አግኝተን ስለማናውቅ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ የማን ሥራ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

እኛ ብሩሽ የያዝን የሶዶ ልጆች አንድ ደንብ አለን። የሌላ ሰው ሥራ ሲሸፈን፣ ሠሪው በሕይወት ካለ የመጀመሪያውን ቀለም የሚያሳርፈው እሱ ነው። እሱ ካልመጣ ግድግዳው አይነካም። ዲዛይነራችን ግን ቸኩሏል። «ሰውየው ገጠር፣ ዱቦ ገብቷል፤ ዓይኑም ደክሟል፤ ማን ይነግረዋል?» አለ። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። «ነገ ያንተን ሥራ ሳይጠይቁህ ቢለቀልቁት ደስ ይልሃል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ሙዝ ገዝተን በሚኒባስ ዱቦ ወረድን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። ጋሼ ከእንሰቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሲያየን ደስታው ሌላ ነበር፤ ይሄኔ ነው የባሰብኝ። መርዶ ነጋሪ መሰልን፤ አንዳችን አንዳችንን እያየን ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ቀባጠርን። በመጨረሻ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኩት።

«ጃንጥላውንም?» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

ምን እንደምንሥል ጠየቀ። ስልኬን ሰጠሁት፤ ከዓይኑ አርቆ ያዘና ዳሞታ ተራራን ከእነጉሙ አየ። «ተራራው ግሩም ነው» አለ። «ልብስ ያለበሰው ግን ማነው?» ሁላችንም ወደ ዲዛይነሩ ስናይ ሳቅ ሆነ። እመጣለሁ አላለም፤ አልመጣምም አላለም። ያን ሳምንት ስለ ግድግዳው ማሰብ ትቼ ነበር፤ የፈራሁት ያን ሰው አስከፍቼው እንዳይሆን ነው። አባቴ ሲቆጣኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

እሁድ ጠዋት ጋሼ ያን ቀለም የጠገበ ካፖርቱን ለብሶ ሱቁ ጋ ከች አለ። ነጩን ቀለም በጥብጠን፣ ሮለሩን አጥበን ጠብቀነዋል። ባልዲውን አየና «ይህን አቆዩት። ሰማያዊ አላችሁ?» አለ። ሰጠነው። ጥቁር ጠብ አድርጎ አማሰለ፤ ወንበር ላይ አቆምነው፤ እኔ ወገቡን ያዝኩ። ከዚያ ጃንጥላው ላይ አንድ ሽቦ አሰመረ፣ በሽቦውና በጠርዙ መካከል ጨርቁን ሞላ። ያኔ ነው ጃንጥላው ጎዶሎ እንደነበር ያየሁት። በየቀኑ በሥሩ እያለፍኩ አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

«ያኔ ስሥለው ክረምት ገብቶ ዝናብ አባረረኝ» አለ ከወንበሩ ሲወርድ። «ነገ እጨርሰዋለሁ እያልኩ ቀረሁ። ሳልጨርሰው ብታጠፉብኝ ነበር የሚከፋኝ።»

«ታዲያ እንተወው ጋሼ፤ ሌላ ግድግዳ አይጠፋም» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«ይድረቅ» ብቻ አለ። ሐጂ ሻይ አስመጡልን፤ ጠጥተን እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ ሮለሩን ራሱ አንስቶ፣ አሁን የሞላውን ሰማያዊ ጭምር፣ ከጠርዙ ጀምሮ እስከ እጀታው ነጭ አለበሰው። አለቀስኩ፤ አልደብቅም። እሱ ግን እጁን በካፖርቱ ጠርጎ «በሉ፣ ቀኑ ሳይሄድባችሁ» አለን።

የጊፋታ ዕለት ሥራችንን እንዲያይ ከመናኸሪያው ተቀበልኩትና ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ከዲምቱ በቅርቡ የመጣ ጎረምሳ ነው። «ወዴት ነው?» ሲል፣ ተራራ የተሣለበት ግድግዳ ጋ ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደመኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚያፍር ይመስል፣ «ጃንጥላ» አለ።

ልጁ ምንም ሳይጠይቅ ቁልቁል ነዳውና ከተራራው ፊት ለፊት ገጭ አድርጎ አቆመ። «ደርሰናል አባባ፤ ጃንጥላ።»

ጋሼ አልወረደም። እጁን ልጁ ትከሻ ላይ አሳርፎ «አይተኸው ታውቃለህ?» አለው።

«ምኑን?» አለ ልጁ።