ሦስት ብልሹ ዘርፎች

ያን ዕለት ጠዋት የሠራሁት ቂልነት አንዲት ቃል ብቻ ናት። የጻፍኳት ግን በካርቦን፣ በሦስት ቅጂ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ነው። እኔ ስሳሳት አሳምሬ ነው የምሳሳተው።

በደርግ ማብቂያ ገደማ ሀዋሳ ውስጥ፣ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሩም አንድ፣ ሠራተኛውም አንድ ነበርን። አዲስ አበባ ለጥቂት ሳምንት ሥልጠና ተልኬ ስመለስ ማብራትና ማጥፋት የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሊቅ ተባልኩ። ማሽኑ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ቬንትሌተር፣ የራሱ መጋረጃ ነበረው፤ እኔ ከነዚህ አንዱም አልነበረኝም። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። አቧራ እንዳይገባ ብዬ ያወጣሁት ደንብ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን አለቆች በካልሲ ቆመው ሲያናግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚባል ነገር አለ። እንደ ሙዚቃ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ሳህኑ እንደ ማሳ በትንንሽ ቁራሽ ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዷ ቁራሽ በፈረንጅ አፍ «ሴክተር» ትባላለች። አንዳንዷ ታዲያ ትበላሻለች፤ የጻፍክባትን መልሳ አትሰጥህም። ያኔ ማሽኑን «ፈትሽ» ብለህ ታዘዋለህ። ኪርርር እያለ ቁራሾቹን አንድ በአንድ ይዳስስና በተበላሹት ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ወዲያ የጋሪ ፈረስ የለመደውን ጉድጓድ እንደሚሸሽ እየሸሻቸው ይጽፋል። በዚያ ጠዋት ስፈትሽ ሦስት አገኘሁ። ምንም አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣም ጥቂት ይዞ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሰላም ነበር። ሳምንታዊ ሪፖርት ግን አለ፤ ሪፖርቱም በንጹሕ አማርኛ ይሁን ተብሏል። «ሴክተር»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግኩት። «ዘርፍ» ይላል። እሰየው አልኩና ጻፍኩ፦ «ማሽኑ ባደረገው ጥብቅ ፍተሻ ሦስት ብልሹ ዘርፎች ተገኝተዋል። ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸዋል። ከእንግዲህ ሥራ አይሰጣቸውም።»

መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ዘርፎች ነበሩት። የምርት ዘርፍ፣ የሽያጭ ዘርፍ፣ የፋይናንስ ዘርፍ፣ የቴክኒክ ዘርፍ። አራት።

ምሳ ሳይደርስ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አስጠራኝ። ሪፖርቱን በሁለት እጁ ይዞታል፤ እንደ ትኩስ ዳቦ።

«ይሄን ማሽኑ ነው ያለው?»

«አዎ ጓድ።»

«ሰው አልነገረውም?»

«ራሱ ፈትሾ ነው ያገኘው።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንት ዓመት ስብሰባ ተቀምጬ ያላገኘሁትን!»

ጉዱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ላስረዳው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«አሁን ስማቸውን እንዳትነግረኝ። ዓርብ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባችን ላይ፣ በሁሉም ፊት ሦስቱን ትጠራለህ።»

«ጓድ፣ ቃሉ ላይ ስሕተት አለ...»

«ማሽን ይሳሳታል?»

«ማሽኑ ሳይሆን እኔ...»

«አንተ? የሐሰት ሪፖርት ጽፈሃላ! ይሄማ አሻጥር ነው።»

«ኧረ ማሽን አይሳሳትም፣ ጓድ» አልኩ። የኔ ጀግንነት ይህን ታህላለች።

እንግዲህ ፍዳዬ ይኸው ነው። ሦስት ኃላፊዎች ብጠራ፣ ሦስቱ ከቦታቸው ተነስተው በረሃ ወዳለው ቅርንጫፍ ይሄዳሉ። ባልጠራ አሻጥረኛ እኔ ነኝ፤ አሻጥረኛ የት እንደሚላክ ደግሞ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ወሬው እኔ ቢሮዬ ሳልደርስ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። በማግስቱ የምርት ኃላፊው አንድ ዘለላ ሙዝ ቤቴ ድረስ ላከ። የቴክኒክ ኃላፊው ማንም ሳይጠይቀው ብስክሌቴን አሠርቶ አስወለወለልኝ። የፋይናንስ ኃላፊው ደግሞ ፈገግ አለልኝ። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የሽያጭ ኃላፊው ብቻ ራሱ መጣ። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ፒያሳ ሱቅ ካላቸው ነጋዴዎች ቤት የተወለደ፣ ምላሱ እንደ ሚዛን ምላስ የምትፈጥን ሰው። ጫማውን አወለቀ። አንደኛው ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጠንቋይህ ስለኔ ምን አለ?»

«ጋሼ፣ ምንም አላለም። ስለ ዘርፎቹ አይደለም የሚናገረው።»

«ተው እንጂ! ሦስት ብሏል። እኛ አራት ነን። ከአራት የሚተርፈው አንዱ መሆን ለእኔ በሎተሪም ደርሶኝ አያውቅም።»

«እውነቴን ነው፣ ሳህን ነው የተበላሸው። ውስጡ ያለ ሳህን።»

ማሽኑን ትክ ብሎ አየው። «ሳህን ነው? እና እኛ እሱ በሰበረው ሳህን ነው በረሃ የምንወርደው?» አለና ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። «ልጆቼ እዚህ ይማራሉ። እናታቸው ታማለች። ዓርብ ስትናገር እሱን አስብ፤ ሌላ አልልህም።» ሙዝ ቢያመጣልኝ ይሻለኝ ነበር። ሙዝ ይበላል፤ ይሄ አይዋጥም።

ዓርብ መጣ። በአዳራሹ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ የሐይቅ ወፍ ራሰ በራውን ዘንበል አድርጎ ቆሟል፤ ከታች ካለነው ሁሉ የተረጋጋ እሱ ነበር። ስማቸውን እንዴት አድርጌ እንደማልጠራ ሳስብ ያደርኩት ከንቱ ሆነ፤ ካድሬው «ማሽኑ ራሱ ይመስክር!» ብሎ ማሽኑን በወሳንሳ አስይዞ አመጣው። ተሸካሚዎቹ ደረጃው ላይ ሲያንገጫግጩት ልቤ አብሮት ተንገጫገጨ። ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለ ጉዞ አይወድም፤ እኔ ግን ይህን ለመናገር የሚሆን ወኔ አልነበረኝም።

ሰካሁት። «ፈትሽ» አልኩት። ኪርርር... ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ካድሬው ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል።

«አንድ! ... ሁለት! ... ሦስት!»

የፋይናንስ ኃላፊው አራተኛው ንጹሕ እኔ ነኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ እግሩን ዘርግቶ ተደላደለ።

«አራት!» አለ ካድሬው። የፋይናንስ ኃላፊው እግሩን ሰበሰበ።

ማሽኑ ግን አልቆመም። ኪርርር።

«አም... አምስት?» ካድሬው ዞር ብሎ አየኝ። «አምስተኛ ዘርፍ አለን እንዴ?»

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ በትሕትና «የፖለቲካ ዘርፍ አለ፣ ጓድ» አለ።

ካድሬው የሸሚዙን አንገት ፈታ። ማሽኑ ስድስት አለ፤ ሰባት አለ። እኔ ገመዱን ልንቀል ወይስ ራሴን ሰቅዬ ልገላገል እያልኩ ሳለ የሽያጭ ኃላፊው እጁን አወጣ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ጥያቄ አለኝ። ማሽኑ የሚፈትሸው ማንን ነው?»

ካድሬው አየኝ። «ራሱን ነው» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጠነ። «የራሱን ሆድ።»

«እንግዲያውስ ይሄ ሂስ አይደለም» አለ የሽያጭ ኃላፊው፣ ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ። «ግለ ሂስ ነው!»

ካድሬው ቃሏን እንደሚሰምጥ ሰው ጨበጣት። «ግለ ሂስ!» አለ። «ጓዶች፣ እኔም ይህንኑ ልል ነበር! ሦስት ጉድለት አለብኝ ብሎ ነበር፤ በሰፊው ሠራተኛ ፊት ሲቀርብ ሰባት መሆኑን አመነ። ከመሃላችን በፈቃዱ ጉድለቱን የጨመረ አለ?» አልነበረም። ተጨበጨበለት። ማሽኑ በቃለ ጉባኤ ተመሰገነ፤ ለሁላችን አርአያ ተባለ፤ ራሱን እንዲያርምም ዕድል ተሰጠው። ማንም በረሃ አልሄደም። እኔን ማንም አላመሰገነኝም፤ ልክ ነበሩ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደገፍኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የሽያጭ ኃላፊው ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ነጭ መሐረብ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«እንካ፣ ጥረግ። ከሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ መስለሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። አጥቤ ሰኞ እመልስልዎታለሁ።»

ሰኞ ረሳሁት። ከዚያም ልመልስ ባጠብኩት ቁጥር ጉንፋን ይይዘኛል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ መሐረብ አይመልስም። ዛሬ ሁለታችንም በምርኩዝ ነው የምንሄደው። መሃል ከተማ በተገናኘን ቁጥር ከሰላምታው በፊት «መሐረቤስ?» ይለኛል። እኔም «ሰኞ፣ ጋሼ» እለዋለሁ።