ሳልሰማው የተረጎምኩት ተረት

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ውጭ አገር፣ ሜስኪት በምትባል ከተማ በኖርንበት በሁለተኛው የብርድ ወቅት፣ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመስጊዱ አጠገብ ወዳለው አዳራሽ ይዛኝ ትሄድ ነበር። በብርዱ ከቤት መውጣት ለሚያቅታቸው አዛውንቶችና ለቸገረው ሁሉ ምሳ የሚበስለው እዚያ ነበር፤ ገሚሱ ያበስላል፣ ገሚሱ በመኪናው ያደርሳል፣ መምጣት የቻለ ደግሞ በረጅሞቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጦ አብሮ ይበላል። እኛ ልጆች ድንች እንልጣለን፣ ምስር እንለቅማለን። ሥራችንን ጥለን እንዳንሮጥ የያዘን ግን የአባባ ሰይድ ተረት ነበር።

አባባ ሰይድ ከእማዬ ጋር መጋዘን የምትሠራው የአንቲ ከድጃ አባት ናቸው። ከወሎ መጥተው ጥቂት ወር እንደቆዩ ብርዱ ገባ። አንቲ ከድጃ ሁለት ሥራ ስለነበራት ሽማግሌው አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ያስቀመጠችላቸውን ምግብም አይነኩም።

«ብቻውን መብላት አይችልም። ምን ላድርግ፣ ሺፍቴን ልተው?» ብላ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ አለቀሰች።

እማዬም «ሶ፣ ቅዳሜ እኔ በመኪናዬ መጥቼ ፒክ አደርጋቸዋለሁ። የመንገድ ሥራ ካምፕ ወጥ ሠሪ ነበሩ አላልሽኝም? እኛም ሰው አጥሮናል» አለቻት።

መጀመሪያ የመጡ ቀን አሁንም ይታየኛል። ሰማያዊ የጋዝ እሳት ላይ የተጣደውን ትልቅ ድስት ዞረው አዩት፣ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፣ ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና «ሽንኩርቱ ገና ነው፤ ማን አስቸኮላችሁ?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ያን ቀን ከእኛው ጋር ተቀምጠው ሁለት ሳህን በሉ። እማዬ ወዲያው ለአንቲ ከድጃ ደውላ «በሉ እኮ!» ስትላት ትዝ ይለኛል።

ያኔ ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር እንፋሎቱ መስኮቱን ያለብሰዋል፤ ውጭ ያለው ግራጫ ሰማይ፣ የደረቀው ሣርና ባዶው ፓርኪንግ ከዓይናችን ይጠፉና ከእኛና ከእሳቸው ድምፅ በቀር ዓለም ላይ ሌላ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ስለ ጅብ፣ ስለ ጦጣ፣ ስለ ሰነፍ ሙሽራ ያወሩልናል። ሌሎቹ ልጆች እዚሁ የተወለዱ ስለሆኑ አማርኛቸውን አይከተሉም። እኔ ግን ደሴ ተወልጄ በስምንት ዓመቴ የመጣሁ ነኝ። አባባ ሰይድ ትንሽ ይናገሩና ወደ እኔ ዞረው «በይ ንገሪልኝ ፈቲያ» ይሉኛል።

ትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ይሳቅበት ነበር። ተናግሬ ሳልጨርስ የሚደግሙብኝ፣ አነጋገሬን የሚያስመስሉ ልጆች ነበሩ። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ከራሴ መጨመር ጀመርኩ። ጅቡ ሲወድቅ ሱሪው እንዲቀደድ አደረግሁ፣ ሙሽራዋ እንድታስነጥስ አደረግሁ። ልጆቹ ሲስቁ አባባ ሰይድ ተረታቸው የጣመ እየመሰላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ መንገዱ በረዶ መያዝ ስለጀመረ አብዛኛው ሰው ቀረ። የነበርነው አባባ ሰይድ፣ እማዬ፣ ሌላ አንዲት ሴትና እኛ አራት ልጆች ብቻ ነን። ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ ምግቡን ይቋጥራሉ። አባባ ሾርባውን እያማሰሉ፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳንጠይቃቸው ጀመሩ።

«አንድ ወጥ ሠሪ ነበር። ለመቶ ሰው ያበስላል። ሚስቱ ከወንዝ ማዶ ታማ ተኝታለች። ‹ቶሎ ድረስ› ብለው ላኩበት። እሱ ግን ‹ይቺን ድስት ላውርድና› አለ።»

ይህን ተረጎምኩ። ሰውየው ለሚስቱ ሾርባ በጣሳ ይዞ መነሳቱን፣ ወንዙም ሞልቶ እንደጠበቀው ተረጎምኩ። ከዚያ በኋላ ግን ረዘመብኝ። እንስሳ የለበትም፤ የማላውቃቸው ቃላት በዙ፤ ልጆቹም ሰልችተው የድንች ልጣጭ መወራወር ያዙ። ሊያመልጡኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸውን መስማት ትቼ የራሴን ቀጠልኩ፦ እንቁራሪት ዘላ ጣሳው ውስጥ ገባች፤ ሾርባው ድንገት ሲያወራው ሰውየው ደንግጦ ወንዙ ውስጥ ቁጭ አለ። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ።

አባባ ሰይድ ግን ገና እየተናገሩ ነበር። «እጁን ያዘችና እንዲህ አለችው» ሲሉ በአንድ ጆሮዬ ሰማሁ፤ የቀረውን የእኔ ወሬና የልጆቹ ሳቅ ዋጠው።

ቀና ብለው የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አዩ።

«ምን አልሻቸው ፈቲያ?»

«ያሉትን ነው አባባ።»

«ያልኩትን?»

«አዎ።»

ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስደገፉት። «እንግዲህ ልጆች ናቸው» አሉ፣ ለራሳቸው። አልተቆጡም። ሾርባውን ለእያንዳንዳችን ቀዱልንና፣ የራሳቸውን ሳይቀዱ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

በቀሩት ቅዳሜዎችም መጡ፣ አበሰሉም፤ ተረት ግን አልነገሩንም። ስንለምናቸው «ዛሬ ጉሮሮዬን ይዞኛል» ይሉ ነበር። ብርዱ እስኪያልፍ ጉሮሯቸው አልተሻላቸውም። እኔም ያደረግሁትን ለማንም ሳልናገር፣ ዓመታት አልፈው ለትምህርት ወደ ዴንተን ሄድኩ።

ባለፈው ዊንተር አባባ ሰይድ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከእማዬ ጋር ለቅሶ ደረስኩ። አንቲ ከድጃ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየኝ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ላንቺ ብዙ ነገር ያወራልሽ ነበር አይደል?» አለችኝ። «ማለቴ፣ ስለ እናቴ ነግሮሽ ያውቃል? ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባዬ ካምፕ እያለ ላኩበት፤ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቆሞ ዋለ ይላሉ። በሕይወት ይድረስባት አይድረስባት እንኳ አላውቅም። ስጠይቀው ሁልጊዜ ወሬ ይቀይራል።»

ያ የወጥ ሠሪው ተረት ትዝ አለኝ።

«ደርሰውባታል» አልኳት። «እጃቸውን ይዛ ነበር። የሆነ ነገርም ብላቸዋለች።»

«ምን አለችው?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ልጆቹን፣ እንቁራሪቷን፣ ውሸቴን። ስጨርስ አልወቀሰችኝም። «ደርሶባታል ማለት ነው» አለች፣ ደጋግማ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ኮል ታደርግልኛለች። ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና እናወራለን። ከመሰናበቷ በፊት ግን ጥቂት ትጠብቃለች። የምትጠብቀውን አውቃለሁ። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እቆያለሁ፤ ያልሰማሁት ነገር ከየት ትዝ ይለኛል?