የአባባ ሜትር

አያቴ አባባ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ለስግደት እንኳ እምቢ ብሏቸው ነበር፤ ለልጄ ሲሆን ግን ወለሉ ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ። ለማስነሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያኔ ሦስት ወር ያልሞላት ልጄ በሆዷ ሳስተኛት ታለቅስ ነበር። አባባ ጋቢያቸውን አንጥፈው፣ ፊት ለፊቷ ተዘርግተው፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ያወዛውዙላታል። «ቀና በይ እሜቴ! አንገት የሚጸናው የሚያየው ሲያገኝ ነው» ይሏታል። ስልኬን ላነሳ ዞር ካልኩ ደግሞ ይቆጡኛል፦ «በሆዷ ተኝታ ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳትነቅይ!»

ትናንት አርባቸው ወጣ። ዛሬ ጠዋት ጋቢያቸውን አንጥፌ፣ ልጄን በሆዷ አስተኝቼ፣ እኔም እንደሳቸው ፊት ለፊቷ ተኛሁ። ሜትሩን አወዛወዝኩላት። አላለቀሰችም። ለመጀመሪያ ጊዜ በክንዶቿ ተደግፋ ደረቷን ከመሬት አነሳች። አባባ ይህችን ቀን እንዴት ይጠብቋት ነበር!

ሜትሩን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ አባባ ይገቡበት ወደነበረው በር ዞራ፣ አንገቷ እየተንቀጠቀጠ፣ እስኪደክማት ጠበቀች።

ስታለቅስ አነሳኋት። ጋቢውን ግን ማንሳት አቃተኝ፤ እስካሁን ወለሉ ላይ ነው።