በንጉሥ አምላክ

ፍላቂት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። «ሕዝብ በፍጹም ዘውዳዊ አገዛዝ ላይ ለምን ይነሣል?» የሚለውን ርዕስ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ምክንያቶቹ አምስት ናቸው። ተማሪዎቼ እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል፣ ፈተናውን ያልፋሉ፣ ይረሱታል። አልቀየማቸውም፤ እኔም ጠመኔዬን አራግፌ ከወጣሁ በኋላ ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ገና ላስታ፣ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አውድማው ዳር ተቀምጠን ገብሱን የምናናፍስበት ነፋስ እንጠብቃለን። አባቴ በወጣትነታቸው ንጉሡን በመቃወም ሰልፍ መውጣታቸውን ደጋግመው ያወራሉ፤ ለምን እንደወጡ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ለክፍል ምሳሌ ይሆነኛል ብዬ ጠየቅኋቸው።

የምስለኔው አሽከር እንደነበሩ ነገሩኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ምስለኔው የወረዳው ገዥ እንደራሴ ነው፤ አባቴ አህዮቹን ይነዱለታል።

በዚያ ዘመን ማንም ሰው ሌላውን «በንጉሥ አምላክ!» ካለው፣ የተባለው ሰው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ንቅንቅ አይልም። አያቴን የምስለኔው ዘበኛ አንድ ጊዜ በዚህ ቃል አቁሟቸው ወደ ጉዳዩ ሄደ። እስኪመለስ ግማሽ ቀን ዝናብ ወረደባቸው። የሚያያቸው ሰው አልነበረም፤ ቆመው ጠበቁት።

በረሃቡ ዓመት ምስለኔው ለግብር ብሎ የአያቴን የዘር ገብስ አስጫነ። አህያውን የሚነዱት አባቴ ናቸው። አያቴ መንገዱ ላይ ወጥተው «በንጉሥ አምላክ፣ ቁሙ!» አሉ።

«እኔ ቆምሁ» አሉኝ አባቴ። «እግሬ በራሱ ቆመ። ምስለኔው በቅሎው ላይ ሆኖ ‹ምን ይገትርሃል? ንዳ!› አለኝ። ነዳሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልን ነው ያደግነው፤ ምስለኔም እንደማይከሰስ ያን ቀን አየሁ።»

ይህ አራተኛው ምክንያት ነው፣ ፍርድ ማጣት፣ ብዬ በልቤ መደብኩት። ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

«ታዲያ ሰልፉን የወጡት ለዚህ ነው፣ አባየ?»

«ስለ ፍትሕ ነው ብየ አልዋሽህም። ድምጤ እስኪዘጋ ከሁሉ አስበልጨ ጮኽሁ። አባቴ ካሉበት ሆነው ከሰሙኝ ይምሩኝ ይሆናል ብየ ነው።»

«ሰሙዎት?»

«ከቀበርናቸው ሦስት ወር አልፎ ነበር» አሉ።