አፈ ሰፊዋ ወይስ አፈ ጠባቧ

መነጽር ሠሪው ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስመርጥ ይውላል። ደንበኛው አገጩን መሣሪያው ላይ ያስደግፋል፤ እሱ መስተዋቶቹን እየቀያየረ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» ይላል። የሚያመነታ ሰው ያናድደዋል። ያን ሳምንት ግን እሱ ራሱ አመንቶ አመንቶ መቀመጫ አጣ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጊታሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የሠራቻቸው ጊታር ሠሪዋ «እስከ ሐሙስ ሞክራቸው፤ አንዷን ትወስዳለህ፣ ሌላዋን የሚጠብቅ ሰው አለ» ብላ አሸክማው ነው። ሁለቱም ጂፕሲ ጃዝ ለሚባለው የጊታር ሙዚቃ የተሠሩ፣ ክራቸው የብረት ነው። የሚለያዩት ድምፁ በሚወጣበት ቀዳዳ ነው። አፈ ሰፊዋ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ትልቅ ቀዳዳ አላት፤ ድምፅዋ ሞቅና ጠለቅ ያለ ስለሆነ አጃቢዎች ይወዷታል። የአፈ ጠባቧ ቀዳዳ እንቁላል ቢያክል ነው፤ ድምፁን ሰብስባ ወደ ፊት ትወረውረዋለች። እሷ ዜማ ለሚመራ ሰው ናት።

መነጽር ሠሪው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አጃቢ ነው። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ አዲስ ጊታር ሲያገኝ አሮጌዋን ለእሱ ሰጠው፤ ዜማውን ግን ለራሱ አስቀረ። ከበሮ በሌለበት በዚህ ሙዚቃ ከበሮው የአጃቢው ቀኝ እጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከወንድሙ ትከሻ ኋላ ተቀምጦ መታ። ጭብጨባው ወደ ፊት ሲሄድ እያየ ደስ ይለኛል ይል ነበር። ብቻውን መስተዋት ሲሞርድ ግን የወንድሙን ዜማዎች በራሱ መንገድ እያጣመመ ያፏጫል። በሩ ሲንኳኳ ዝም ይላል።

አሁን የወንድሙ የጣት መገጣጠሚያዎች ደረቁ። «ሦስት ጣት ለማጀብ ይበቃኛል» አለው። «ዜማውን አንተ ያዘው። ካልሆነ እንበተን።»

ጊታር መምረጡ እንግዲህ ይሄን መመለስ ነበር።

ማታ ማታ ቁም ሣጥኑ ፊት ተቀምጦ ይሞክራል። ከአልጋው ወደ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ ይዛወራል። አፈ ሰፊዋ ሆዱን ታሞቀዋለች። አፈ ጠባቧ እጁ ላይ ስትሆን ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ማንኪያ ጣሳ ሲነካ የሚሰማ ዓይነት።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «ዛሬም አልለየላችሁም?»

«አፈ ሰፊዋ ሳትሻል አትቀርም።»

«አፈ ሰፊ አንድ ጊዜ አግብተሃል። ስንቷን ልትችል ነው?»

ሳቀ። ያቺ ቀጭን ድምፅ እፎይ እንዳስባለችው ግን ለሚስቱም አልነገራትም፤ አፍሯል።

ሐሙስ ከሰዓት አፈ ጠባቧን ሊመልስ ወደ ጊታር ሠሪዋ ሱቅ ሄደ። ወንድሙ ቀድሞት የእንጨት ፍቅፋቂው መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ይቺ ድምፅ የላትም» አለ መነጽር ሠሪው ገና ሳይቀመጥ።

ወንድሙ ጣቶቹን አየ። ጊታር ሠሪዋ መላጊያዋን አስቀመጠች።

«የት ሆነህ ነው የሰማሃት?»

«የት እሆናለሁ? ይዣት ነዋ!»

«ከኋላዋ ማለት ነው።» ሳቀች። «አይ አጃቢ! እሷ ለያዛት ሰው አታወራም፤ የምታወራው ፊቷ ለተቀመጠው ነው። በል ሂድ፣ በሩ ጋ ቁም።»

እየተነጫነጨ ሄደ። ሴትዮዋ አፈ ጠባቧን አንሥታ አራት አምስት ድምፅ ብቻ መታች። ድምፁ ክፍሉን አቋርጦ ደረቱ ላይ አረፈ፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ጥርት ብሎ። መነጽር ሠሪው ወንድሙን አየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ሲጫወት አንድም ቀን ከፊት ሰምቶት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው። ፊት የተቀመጡት ሰዎች ምን ይሰሙ እንደነበር አያውቅም። ከእንግዲህም አይሰማውም።

«ሰበብ አለቀብህ» አለው ወንድሙ።

በሩ እጁ ሥር ነበር። እጀታውን ጨበጠ፣ ለቀቀ። ከዚያ ተመልሶ አፈ ጠባቧን ተቀበለና ተቀመጠ። ወንድሙ ከግድግዳው ሌላ ጊታር አውርዶ ማጀብ ጀመረ። ቸኮለ። ሰው ሲሸከመው የኖረ እጅ መሸከም አያውቅበትም። አንድ ዙር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ።

«ግባ እንጂ!» አለው ወንድሙ።

ድሮ ወንድሙ ሲሮጥ ቃል ሳይተነፍስ አብሮት ይሮጥ ነበር። አሁን መዳፉን ክሮቹ ላይ ጣለ።

«ትሮጣለህ፣ ወንድም ጋሼ።»

ጊታር ሠሪዋ አቀርቅራ የማይላግ እንጨት መላግ ጀመረች። የወንድሙ ጆሮ ቀላ።

«እኔ ነኝ የምሮጠው?»

«አንተ ነህ። ቀስ በል። እኔ ስገባ ትከተለኛለህ።»

ወንድሙ የማያውቀው ሰው የተናገረ ይመስል አተኩሮ አየው። ከዚያ በእግሩ ወለሉን መታ፤ አሁን ዝግ ብሎ ነው። መነጽር ሠሪው ገባ። የመጀመሪያው ድምፅ ተበላሸ፤ ወደ ሁለተኛው አለፈ።