አጭሯን ስቴኪኒ የመዘዘው መርል

መርል ክራቢልን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ክንዶቹን ነው። ቀኙ ከግራው ይጠቁራል። በየካቲት፣ የኢንዲያና እርሻ ሁሉ በበረዶ ተከናንቦ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ሲከብድ እንኳ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሲቀመጥ ቀኝ ክንዱ ገና ከበጋ የወጣ አይመስልም። ሠላሳ አራት ዓመት የገጠር ፖስታ አዳይ ነበር። መኪናው ውስጥ በቀኝ በኩል ተቀምጦ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከመንገድ ዳር የተተከሉትን ሳጥኖች እየከፈተና እየዘጋ ዕድሜውን ፈጀ። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው። ክንዱ ግን ጡረታ አልወጣም። ፀሐይ በሰው ገላ ላይ እንዲህ አድርጋ መጻፍ መቻሏ ይገርማል።

ሚስቱ ሎይስ ከሞተች ወዲህ የቀሩት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ቤት ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት ጠረጴዛና ቅዳሜ ከሰዓት የኬልሶ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ። ኬልሶ ትንሽ ኮሌጅ ናት። ተማሪዎቿ ተሰብስበው የአንዱን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመመገቢያ አዳራሽ አይሞሉም። ግን ቡድኗ ሲጫወት አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የጫማ ጩኸት፣ የፈንዲሻው ሽታ፣ ኳሷ መረቡን ብቻ ነክታ ስታልፍ የምታሰማው ያ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ፣ ለመርል ከቤተ ክርስቲያን የማይተናነስ ነገር ነበር።

በዚያ ሐሙስ የጠረጴዛው ወሬ አንድ ልጅ ነው። አሰልጣኙ ለመጪው ዓመት አንድ ቦታ ቀርቶታል፤ የሚፈልገውም ከጎረቤት ወረዳ፣ ከአንዲት ሚጢጢ ትምህርት ቤት፣ ኮልቢ ሽራም የሚባል ቁመተ ሎጋ ነው። ከኬልሶ በቀር ልጁን የጠየቀ ኮሌጅ የለም። ቅዳሜ ኮሌጁን ሊጎበኝ ይመጣል፤ ሰኞ መልስ ይሰጣል።

መርል ይህን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። ልጁን ያውቀዋል። የሽራሞች ቤት እሱ ፖስታ ያድልበት የነበረው መስመር የመጨረሻ ቤት ነበረች። በጎተራው ግድግዳ ላይ የተመታች የቅርጫት ቀለበት አለች፤ ልጁ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እሷ ላይ ሲወረውር አይቶታል። አንድ ጥር ላይ፣ የመርል መኪና ጎማ በበረዶ በሚሰምጥበት ቀን፣ ያ ልጅ ከራሱ በሚበልጥ አካፋ የጎተራውን ደጃፍ ጠርጎ ብቻውን ኳስ ሲያነጥር ነበር። መርል ደብዳቤውን ይዞ ዝም ብሎ አየው። የእናቱን ፊት ግን አይቶ አያውቅም፤ ቀኑን እንቁላል ማሸጊያ ፋብሪካ ስለምትውል። ገና በመጣ ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ታስቀምጥለታለች፤ ላዩ ላይ «ለፖስታ አዳዩ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መርል ጨዋታውን ሁሉ እየዞረ ይከታተል ጀመር፤ ከላይኛው ደረጃ ላይ፣ ማንም ሳያውቀው፤ እናቲቱንም ከታች ስትቀመጥ ከሩቅ ጀርባዋን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ተነሱ እንግዲህ፣ ዕጣው ይውጣ፣» አለ ፍሎይድ ናጌል። ፍሎይድ አሳማ አርቢ ነበር፤ አሳማዎቹን ሸጦ ድምፁን ብቻ አስቀርቷል። ሦስት ስቴኪኒ በጡጫው ጨብጦ ዘረጋ።

ይህ የጠረጴዛው ሥርዓት ነው። ከዓመታት በፊት ሁሉም በአንድ አፍ ያሞገሱት አንድ ረጅም ልጅ ገና የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይደርስ ጠፍቶ ሄደባቸው። ፍሎይድም ያን ጊዜ ደነገገ፤ አዲስ ልጅ በታጨ ቁጥር አጭሯ ስቴኪኒ የደረሰችው ሰው ከሳሽ ይሆናል። እንደ ድሮ ዘመን ተሟጋች ቆሞ፣ ልጁ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ፣ ስሙ በተነሳበት ሁሉ ይከሰዋል። ሌሎቹ ጠበቆች ናቸው። ከሳሽ የራራ እንደሆነ የባላንጣቸውን ኮሌጅ ቆብ አንድ ወር ያደርጋል።

መርል መዘዘ። አጭሯ ነበረች።

«ወይ ጉድ! ዛሬስ እግዜርን እንቅልፍ አልወሰደውም!» አለች ቨርላ። ቨርላ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ የነበረች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የተሳለ ሴት ናት። «ልጄ ልጄ ስትል ከረምክ አይደል? በል ልጅህን ክሰሰው!»

«ሌላ ይውጣ። ይኼን ልጅ አልከስም።»

«ቆቡን ላምጣልህ?» አለ ፍሎይድ። «ለራስህ ሰፊ ነው፤ ግን ጆሮህ ይይዘዋል።»

መርል ሳቀ። ሳቁ ነው የጎዳው። «እሺ፣» አለ፤ «ግን በኋላ አታልቅሱ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከፊታቸው ያለው ወንበር የሃርላን ነው። ሃርላን አራተኛቸው ነበር፤ በኅዳር ሞተ፤ ወንበሩ ግን እስከ ወቅቱ መጨረሻ በስሙ ነው። የዚያን ቀን አንዲት ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት መጥታ ተቀመጠችበት። የሃርላን ቤተሰቦች «አንድ ቀን የእህቱ ልጅ ትመጣለች» ብለው ስለነበር ሦስቱም እሷ ናት ብለው አሰቡ። ቨርላ ትከሻዋን ነካ አድርጋ «እንኳን መጣሽ» አለቻት፤ ሴትዮዋም አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ኮልቢ ከተጫዋቾቹ ኋላ ተቀምጧል፤ ጉልበቶቹ የት እንደሚያስቀምጣቸው የጠፉት ይመስላል።

«አየኸው እጁን?» አለ ፍሎይድ። «አካፋ እኮ ነው! ተመላሽ ኳስ ሁሉ የሱ ነው።»

«አካፋስ ቤትህም አለ፣» አለ መርል። «አካፋህ ኳስ ተጫውቶ ያውቃል?»

ቨርላ ሳቀች። «እሱስ እሺ፤ አወራወሩስ? እንደ ውሃ አይፈስም?»

«ጎተራቸው ላይ ይፈስሳል። ያቺ ቀለበት በአንድ ጎኗ እንደዘመመች አታውቂም፤ እሱ ለዘመመች ቀለበት ነው የተማረው። ቀጥ ያለ ሲያይ ግራ ይገባዋል።»

ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። መርልም ሞቀው። ሰው ካዳመጠው ስንት ዘመን ሆነው! ሎይስ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ከሬዲዮ ጋር ነው። ሙግት ያማረለት ሰው እውነትን ይደፍራል፤ መርልም የሚያውቀውን ማውጣት ጀመረ።

«ስሙኝ ልንገራችሁ። ችግሩ እጁም እግሩም አይደለም። ያ ልጅ ከእናቱ ቤት ርቆ ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ እንዲያው አንድ ኳስ በሳተ ቁጥር ዓይኑ ደረጃው ላይ እናቱን ይፈልጋል። ካጣት አለቀ። ሌላውን ሁሉ ኳስ ይስታል። ይኼን ልጅ ኬልሶ ስታመጡት ምን ይሆናል? ገና በረዶ ሳይጥል ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቀሚስ ይመለሳል። ለሱም ውርደት ነው፣ ለሷም። እዚያው ይቆይ!»

«ጨካኝ!» አለች ቨርላ እያጨበጨበች። «ሃርላን ቢሰማህ ኖሮ ይኮራብህ ነበር!»

ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴት አልዞረችም። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ካፖርቷን ቆለፈችና ተነሳች። በአጠገባቸው ስታልፍ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» አለች። መርል ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፋት።

«የሃርላን ዘመድ ኳስ አልወደደችም፣» አለ ፍሎይድ።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን አሰልጣኙ ላቡን እየጠረገ ደረጃውን ወጣ። ባዶውን ወንበር አየ።

«እዚህ የተቀመጠችው ሴት የት ሄደች?»

«ቀደም ብላ ወጣች። የሃርላን እህት ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«የምን የእህት ልጅ! የኮልቢ እናት ናት፤ ጆሊን ሽራም። የሃርላን ቦታ ባዶ ከሚሆን ብዬ፣ ደግሞ እናንተ ደጋፊዎች ከማንም በላይ ታሞቋታላችሁ ብዬ ነው እዚህ ያስቀመጥኳት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። መርል ካፖርቱን ሳይለብስ ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጠ፤ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። እናትና ልጅ ሄደዋል።

«ደውልላት፣» አለ ፍሎይድ። ያ ትልቅ ድምፁ አንሶ ነበር። «ዕጣ ነው በላት። ጨዋታ ነው በላት።»

«በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?»

«ታዲያ በምን ሊነገር ነው?» አለች ቨርላ። «ደውል አንተ ሰውዬ! ሰኞ እኮ ነው መልሱ!»

መርል ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚያምነው አንድ ነገር ነው። ቤቱ ገብቶ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ስቴኪኒው፣ ስለዚያ የጥር ቀንና ስለ አካፋው፣ በሕይወቱ ካያቸው ልጆች ሁሉ ይበልጥ ኮልቢን እንደሚያምነው፤ ሦስት ገጽ ሞላ። እሁድ ረፋድ ወስዶ ሳጥን ውስጥ ጨመረው። እሁድ የተጨመረ ደብዳቤ ሰኞ እንደሚነሳ፣ ማክሰኞ እንደሚደርስ፣ በዚያ አገር ከመርል የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያውቃል። እጁ ግን ለቀቀው። የለመደ እጅ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱን አይጠይቅም።

ሰኞ ቀትር ላይ ኮልቢ ለአሰልጣኙ ደውሎ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» አለ። ትምህርቱን ሲጨርስ አጎቱ የሚሠራበት የተጎታች ቤት ፋብሪካ ሊገባ ነው።

መርል ረቡዕ ጠዋት አሰልጣኙ ቢሮ ገብቶ ሁሉን ነገረው። «ሌላ ልጅ እየጠበቀኝ ነው፣» አለ አሰልጣኙ። «እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት እይዝልሃለሁ። ከዚያ በኋላ አልችልም።»

እናቲቱ ከፋብሪካ እስክትመለስ ጠብቆ ሽራሞች ዘንድ ሲደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። መኪናውን ከዋናው መንገድ ዳር አቆመና ረጅሙን የጠጠር መግቢያ በእግሩ ሄደ። ሠላሳ አራት ዓመት እዚያ ደጅ ላይ ቆሞ ሲመለስ፣ ይህን መግቢያ አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም ነበር። ጆሊን በረንዳው ላይ ወጣች፤ የፋብሪካውን የፀጉር መረብ ገና አላወለቀችም።

«ፖስታ አዳዩ እርስዎ ነዎት፣» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ሽራም።»

«ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። ጥሩ አድርገው ጽፈዋል።» ዘወር አለች። «የተቆጣሁ እንዳይመስልዎት። እኔም ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነበር፤ ከኔ ርቆ ይችላል ወይ እያልኩ። ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ ሆኖ ቃል በቃል ሲለው ሰማሁ። የሚጠላው ሰው ቢለው ኖሮ አልሰማውም ነበር፤ እርስዎ ግን ልጄን የሚያውቅ ሰው ነበር የሚመስሉት።»

«ዕጣ ነው ያናገረኝ። በሎይስ አፈር እምላለሁ!»

«አንብቤዋለሁ።»

በሩ ተከፍቶ ኮልቢ ወጣ። ከቅርብ ሲታይ ይበልጥ ረጅም፣ ይበልጥም ልጅ ነበር። መርል ቆቡን አወለቀ።

«አሰልጣኙ ቦታህን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዞልሃል። አንድ ቃል ብቻ ነው። ሂድ ልጄ። እኔን አትስማኝ።»

«ጌታዬ፣» አለ ልጁ በትሕትና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እናቴን ሳጣት ኳስ እስታለሁ ያሉት፣ ውሸት ነው?»

ይህች ናት ጥያቄዋ። መርል «ውሸት ነው» ለማለት አፉን ከፈተ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በትልቁ ከተማ አዳራሽ ያየው መጣበት፤ ልጁ ደጋግሞ ሲስት፣ ደጋግሞ ዓይኑ ደረጃው ላይ ሲንከራተት፣ እናቱም የዚያን ቀን ሥራ ሆና ሳትመጣ። መርል ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቃል ሳይከፍት፣ ሳያጠፋ፣ ሳይለውጥ ያደረሰ ሰው ነው። ምላሱ አልታዘዘውም። ከጎተራው ጣሪያ የበረዶ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ውሸት ነው፣» አለ በመጨረሻ።

ልጁ ፈገግ አለ። ቂም የሌለበት ፈገግታ ስለነበር ይብስ ነበር። «ቆዩ እኮ፣» አለ፤ «ለመመለስ ቆዩ።»

«ሰው እኮ ይለወጣል! ዐሥራ ስምንት ዓመትህ ነው! አንድ ዓመት ብትለማመደው...»

«ደብዳቤዎ ላይ ስለ አካፋው የጻፉትን እናቴ አነበበችልኝ። ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር።» ልጁ ትላልቅ እጆቹን አየ። «እሱን አስቀምጠዋለሁ። ግን አልሄድም። ለአሰልጣኙ ይንገሩልኝ፤ ያኛው ልጅ ይግባ፤ እሱንም ሰው እየጠበቀው ይሆናል።»

ጆሊን እጇን በልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ልጁን ይዛ ማስቀረቷ ይሁን ገፍታ ማስወጣቷ፣ እሷም የምታውቅ አትመስልም ነበር።

«ሻይ ይጠጡ፣» አለች ድንገት። «ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አሰልጣኙ ይጠብቀኛል።»

ቆቡን ግን መልሶ አላደረገም። ሁለቱ ከበረንዳው ሆነው እያዩት መርል ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፤ በቀለጠው በረዶ መሀል፣ መሀል መንገዱን ይዞ፣ አንዴም ዞር ሳይል፣ የጠጠሩ ድምፅ እየራቀ እየራቀ፣ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ።