ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ

አጎቴን በቤታችን «ጆሮ» ነበር የምንለው። እሱ ግን እስከ ጡረታው ድረስ ይህን ስም አልሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሥራው ለመንግሥት የሰው ስልክ መጥለፍ ነበር። መስኮት በሌላት ክፍል ማዳመጫ ጭኖ ሲውል ዕድሜው አለቀ፤ ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ።

ከሚጠልፋቸው ሁሉ የአንዲት ልብስ ሰፊ ስልክ ይወድ ነበር። ለምን እንደምትጠለፍ አልነገሩትም፣ አልጠየቀም። አመሻሽ ላይ ሩቅ አገር የምትማረው ልጇ ትደውላለች። ከኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል፣ አንድ በር ሲጥ ይላል። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያቺን ቤት በሐሳቡ ሠራት፤ በሩን እዚህ፣ የስፌት መኪናውን እዚያ አደረገ፣ ለራሱም ጥግ ላይ ወንበር አስቀመጠ። እናትየው ከመሰናበቷ በፊት ለዚያች ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ እሹሩሩ ትላለች። እሱም ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። መንግሥትም የሚጠበቀው እንዲህ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ያ ቤት ናፈቀው። አንዴ እንኳ እንደ ሰው በበሩ ገብቶ ሊቀመጥ ፈለገ።

«ሱሪ የምታሳጥር ሴት አውቃለሁ፤ ነይ አብረን እንሂድ» አለኝ።

አመሻሽ ላይ ሄድን። እውነትም ጥግ ላይ ወንበር ነበር። ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱ እንደዚያ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። ሴትየዋ የሱሪውን አንዱን እግር ጨርሳ ሁለተኛውን መርፌው ሥር እያስገባች ማንጎራጎር ጀመረች።

«እንቅልፍ መጣ ቀስ ብሎ…»

ክሩ ተበጠሰባትና ዝም አለች።

«ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ» አለ አጎቴ፣ እንደጨፈነ።

ሴትየዋ ቀና አለች።

«ይቺን እኔ ነኝ የገጠምኳት» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ከሄደች በኋላ። ከእሷ በቀር ለማንም ብያት አላውቅም። እሷንም በስልክ ነው።»

አጎቴ ዓይኑን ገለጠ። እኔ አፈርኩ፤ ያን ስም ስናወጣለት እየሳቅን ነበር። ሴትየዋ ሱሪውን አጥፋ ሰጠችው፣ አንድ እግሩ አጭር፣ አንዱ ረጅም።

በሩ ላይ ስንደርስ ስልኳ ጠራ። እሱን እያየች አነሳችው።

«ደህና ነኝ የኔ እናት» አለች። «አይ፣ ዛሬ አልልሽም። ስትመጪ፣ በአካል።»

ልጅቷ ከወዲያ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም። አጎቴም አልሰማም።